ጨረርና ነዋሪ ባክቴሪያዎች፦ ከቃሊቲ የዝንብ ማራቢያ እስከ ካንሰር ሕክምና

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ የቆላ ዝንብን በብዛት ለማራባትና በጋማ ጨረር መካን ለማድረግ የተቋቋመ ማዕከል አለ። ዓላማው የከብት በሽታን ማጥፋት እንጂ ሰውን ማከም አልነበረም። ሆኖም የሥራው ታሪክ ዛሬ የካንሰር ሐኪሞች ከሚመራመሩበት ትልቅ ጥያቄ ጋር ይገናኛል፦ ጨረር ወይም መድኃኒት አንድ አካል ላይ ሲያርፍ በዚያ አካል ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ምን ይሆናሉ? እነርሱስ በሕክምናው ውጤት ላይ ምን ያደርጋሉ? ለዝንብ አርቢዎች ይህ ጥያቄ የየዕለት ሥራ ጉዳይ ነው፤ ባክቴሪያዋን ያጣች የቆላ ዝንብ አትወልድምና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የፋብሪካ ሰፈር ናት። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ሐዲዱ አቃቂን አቋርጦ ስለነበር፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ፋብሪካውና መጋዘኑ ቀስ በቀስ በዚሁ አቅጣጫ ተተከሉ። የከተማው ፍሳሽ ተጣርቶ ወደ ወንዝ የሚለቀቀውም እዚሁ ነው፤ በማጣሪያው ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ለዝንብ ማራቢያው ግን ከፋብሪካው ይልቅ የሚጠቅመው የአካባቢው ከፍታ ነው። ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የቆላ ዝንብ፣ ስሟ እንደሚነግረን፣ ሙቀት ትፈልጋለች፤ በዚህ ብርድ ከቤት ብታመልጥ እንኳ ዘር አትተክልም። ስለዚህ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዝንቦች ማራቢያ የሚሆን ስፍራ ሲፈለግ ደጋው ላይ መሥራት ከስጋት ነጻ ያደርጋል።

ዝንቧ የምታስተላልፈው በሽታ ገንዲ ይባላል። መንስኤው ትሪፓኖሶም የተባለ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ፣ በደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ነው። በገንዲ የተያዘ በሬ ደሙ ይመነምናል፤ ጠጉሩ ይቆማል፤ ይከሳል፤ ቀንበር መሸከም ያቅተዋል፤ ላም ከሆነች ትጨነግፋለች። በኢትዮጵያ አምስት ዓይነት የቆላ ዝንቦች ይገኛሉ። መኖሪያቸውም የደቡብ ስምጥ ሸለቆ፣ የኦሞ፣ የግቤ፣ የባሮና አኮቦ፣ የዴዴሳና የዓባይ ሸለቆዎች ናቸው። በእነዚህ ለም ሸለቆዎች አጠገብ የሚኖረው ገበሬ በሬውን ላለማጣት ወደ ተጣበበው ደጋ ይሸሻል፤ ቆላው መሬት ያለ በሬ አይታረስም። ጉዳቱ በከብት አካል ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ ማን የት እንደሚኖርና ምን እንደሚያርስ የሚወስን በሽታ ነው። ለመከላከል ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ ያለው ወጥመድ ይተከላል፤ በከብቱ ጀርባ ላይ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ይፈስሳል፤ የታመመውም በመርፌ ይታከማል። ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ ጥገኛው መድኃኒቱን እየተላመደ መጣ።

ሌላው መንገድ ዝንቧን በራሷ ዘር ማጥፋት ነው። ሐሳቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ኤድዋርድ ኒፕሊንግ የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ፣ በከብት ቁስል ላይ እንቁላል የምትጥለውን የትል ዝንብ ለማጥፋት፣ ወንዶቹን በጨረር መካን አድርጎ በብዛት መልቀቅ ይቻላል አለ። በ1954 በካሪቢያኗ ኩራሳዎ ደሴት ተሞክሮ ተሳካ። ጨረሩ በወንዱ የዘር ፍሬ ውስጥ ያለውን የዘር ውርስ ይበጣጥሰዋል፤ ወንዱ ግን ይበርራል፣ ሴቷንም ያገኛል። የቆላ ዝንብ ሴት አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ተጠቅታ የወንዱን ዘር በሆዷ አኑራ ዕድሜዋን ሙሉ ስለምትጠቀምበት፣ መካን ወንድ የደረሰባት ሴት ያለ ልጅ ትቀራለች። ይህ ዘዴ ከ1994 እስከ 1997 በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት ላይ ተሠርቶበት፣ በዚያ የነበረውን የቆላ ዝንብ ዘር ሙሉ በሙሉ አጠፋ።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 ነው። ከዛንዚባሩ ድል ወዲያውም፣ በኤጀንሲው ድጋፍ፣ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከቆላ ዝንብ ነጻ ለማውጣት የታቀደው ፕሮጀክት በ1997 ተጀመረ። በ2000 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ሎሜ ላይ ተሰብስበው የቆላ ዝንብን ከአህጉሩ ለማጥፋት ሲወስኑ፣ የኢትዮጵያው ዕቅድ ሰፊ ድጋፍ አገኘ። የቃሊቲው ማራቢያና የጨረር ማዕከል በ1999 ዓ.ም. ተመረቀ። የሚራባው ዝንብ ዘር ከአርባ ምንጭ አካባቢ የመጣ ነው። ደሴት ላይ የተሳካው ሥራ ዳር ድንበሩ በውሃ ባልታጠረ ሸለቆ ምን ያህል እንደሚከብድ የታየውም ከዚያ በኋላ ነው።

የቆላ ዝንብን ማራባት ከሌላው ነፍሳት እርባታ የሚለየው በዝንቧ አወላለድ ነው። እንቁላል በመቶዎች አትጥልም። አንድ እጭ ብቻ በማሕፀኗ ይዛ፣ ከራሷ የወተት ዕጢ እያጠባች አሳድጋ፣ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ትወልዳለች። እጩ ወዲያው አፈር ውስጥ ይቀበርና ቆዳው ጠንክሮና ጠቁሮ ፑፓ ይሆናል፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላም ዝንብ ሆኖ ይወጣል። እናቲቱ በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ከአሥር እምብዛም አይበልጡም። ስለዚህ በአንዲት ዝንብ ላይ የሚደርስ ትንሽ ጉዳት መንጋውን ወዲያው ያሳሳዋል። የምትመገበውም ደም ብቻ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ያለ ደም አይኖሩም።

የደሙ አዘገጃጀት በቅርብ መታየት አለበት። ደሙ ከቄራ ይመጣል። ከበሬው አንገት ሲፈስ ወዲያው እየተማሰለ እንዳይረጋ ይደረጋል፤ በማማሰያው ላይ የሚጠመጠመው ክር መሰል ነገር ይጣላል። ከዚያ በማቀዝቀዣ ይቀመጥና 1 ኪሎ ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በሚያህል ጋማ ጨረር ይመታል፤ ይህም በደሙ ውስጥ የገቡትን ባክቴሪያዎች ለመግደል ነው። ለምግብ ሲቀርብ በ37 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ሳህን ላይ ይፈስሳል፤ በላዩም የከብት ቆዳን የሚተካ ስስ ሲሊኮን ይዘረጋል። በመረብ የተሸፈነው ክብ ቀፎ በሲሊኮኑ ላይ ሲቀመጥ፣ ዝንቦቹ ሆዳቸው ቀልቶ እስኪነፋ ድረስ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠባሉ። ክፍሉ 24 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና ከፍተኛ እርጥበት አለው፤ ደጅ የቃሊቲ ብርድ ቢሆንም ውስጡ የአርባ ምንጭ ቆላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ደሙ ይፈተናል። በአንድ ጊዜ ከተቀዳው ደም ጥቂቱ ለተመረጡ ዝንቦች ለ25 ቀናት ያህል ይሰጣል፤ ስንት እንደሞቱ፣ ስንት እንደወለዱ፣ የፑፓዎቹም መጠን ይመዘገባል። ፈተናውን ያላለፈ ደም ለመንጋው አይቀርብም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከሚጠይቁት ምክንያቶች አንዱ አንቲባዮቲክ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን በኢትዮጵያ የከብት ሕክምና ውስጥ በስፋት የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ መርፌ ተወግቶ ብዙም ሳይቆይ የታረደ በሬ ደሙ ውስጥ ቅሪቱን ይይዛል። ያ ቅሪት ዝንቧን አይገድላትም። የሚገድለው በውስጧ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው።

እነዚያ ባክቴሪያዎች እነማን ናቸው? እንግሊዛዊው የነፍሳት ሊቅ ቪንሰንት ዊግልስወርዝ በ1929 የቆላ ዝንብን አንጀት ሲመረምር፣ በፊተኛው ክፍል በባክቴሪያ የተሞሉ ሴሎች የተሰበሰቡበት ልዩ ቦታ መኖሩን ገለጸ። ባክቴሪያው ስም ያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1995 ሲሆን፣ ለሊቁ መታሰቢያ ዊግልስወርዝያ ተባለ። ዊግልስወርዝያ ከዝንቧ ውጭ ብቻውን መኖር አይችልም። በ2002 የዘር ውርሱ ሲነበብ 700,000 ፊደል ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በሰው አንጀት ያለው ኢ ኮላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ አለው። ያን ያህል ቢያንስም ቢ ቫይታሚኖችን ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ዘረ መሎች አልጣለም። ደም በእነዚህ ቫይታሚኖች ድኻ ስለሆነ ዝንቧ ከባክቴሪያው ታገኛቸዋለች፤ እርሱም በእናቲቱ ወተት በኩል ወደ ልጇ ይተላለፋል።

ይህ ጥብቅ ትስስር በሙከራ የተረጋገጠው በ1976 ነው። ኖገ የተባለ ተመራማሪ በደሙ ውስጥ አንቲባዮቲክ ጨምሮ ዝንቦችን ሲመግብ፣ ባክቴሪያቸውን ያጡት ሴቶች መውለድ አቆሙ። በኋላም ቢ ቫይታሚኖችን በደሙ ውስጥ ሲጨምርላቸው የመውለድ አቅማቸው በከፊል ተመለሰ። ከዚያ የበለጠ ነገር የተገኘው በ2011 ነው፦ እናቶቻቸው ዊግልስወርዝያ አጥተው ያደጉ ልጆች አድገው ዝንብ ሲሆኑ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ጎደሎ ሆነ፤ ሌላ ጊዜ የማይጎዳቸው ባክቴሪያ ይገድላቸው ጀመር። ነዋሪው ባክቴሪያ ምግብ አቅራቢ ብቻ አልነበረም፤ የአካሉን መከላከያ ሠራዊት በልጅነቱ የሚያሠለጥንም እርሱ ነበር። ለካንሰር ሕክምና ትልቁን ትርጉም የያዘው ይህ ግኝት ነው።

በዝንቧ ውስጥ ከዊግልስወርዝያ ሌላ ሶዳሊስ የሚባል ባክቴሪያም ይኖራል። በላቦራቶሪ ሊያድግ ስለሚችል፣ ተመራማሪዎች ትሪፓኖሶምን የሚከላከል ፕሮቲን እንዲሠራ አድርገው ቀይረው ወደ ዝንቧ ለመመለስ ሞከሩ። መካን ሆኖ የሚለቀቀው ወንድም ደም ስለሚጠባ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የተቀየረው ሶዳሊስ ይህን ሊያስቀር ይችላል ተብሎ ታሰበ። እዚህ ላይ የጨረሩ ጉዳይ መጣ። በ2018 የታተመ ጥናት ጨረር የሶዳሊስን ብዛት እንደሚቀንስ አሳየ። ጉዳቱ ግን በጊዜው ይወሰናል፤ ፑፓው ገና በ22ኛ ቀኑ ጨረር ሲሰጠው ባክቴሪያው በኋላ የማገገም ዕድል አለው፤ ሊፈለፈል ሲል ወይም ዝንብ ከሆነ በኋላ ሲሰጠው ግን መመለሱ ይከብዳል። አንድ ዓይነት መጠን፣ አንድ ዓይነት አካል፣ ነገር ግን ጨረሩ የደረሰበት ቀን ውጤቱን ለወጠው።

ማራቢያዎቹን ይበልጥ የጎዳው ቫይረስ ነው። የቆላ ዝንብን የምራቅ ዕጢ የሚያሳብጥ ቫይረስ በፊትም በዱር ዝንቦች ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይኖር ነበር፤ ዝንቦች በብዛት ተሰብስበው ከአንድ ሳህን ሲጠቡ ግን በምራቅ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ተዛመተ። በቪየና አቅራቢያ ሳይበርስዶርፍ በሚገኘው የኤጀንሲው ላቦራቶሪ፣ ከኢትዮጵያ የሄደው የዝንብ ዘር በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ቫይረስ አልቋል። ቃሊቲም ከዚሁ ችግር አላመለጠችም። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ቀላል ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ ቀፎ ያልተነካ አዲስ ደም መስጠት፤ ከዚህም ጋር ለሰው የሄርፒስ በሽታ የሚታዘዘውን ቫላሲክሎቪር በደሙ መጨመር። ይህ መድኃኒት ቫይረሱን ሲቀንስ ባክቴሪያዎቹን አይነካም፤ ለዚህ ሥራ የተመረጠበትም ምክንያት ከዚህ አይርቅም። በአንድ ግቢ ውስጥ እንግዲህ ሦስት ዓይነት ውሳኔ ይሰጣል፦ በደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይገደላል፤ በዝንቧ ውስጥ ያለው ይጠበቃል፤ ቫይረሱ ይታገዳል።

የቃሊቲው ዕቅድ በተጠነሰሰበት በዚያው ዘመን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ጨረር በአዲስ አበባ ለሰው ሕክምናም ዋለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 የሚሠራ የጨረር ሕክምና መሣሪያ፣ በዚሁ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ፣ ሥራ ጀመረ። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የመላ አገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆየ። ከጋምቤላም ከመቀሌም የመጣ ታካሚ ተራ የሚጠብቀው በዚያ ነበር፤ ወረፋው ወራትን ይፈጅ ስለነበር በጊዜ ቢደርስ ይድን የነበረ ዕጢ ሥር ሰድዶ ይገኝ ነበር። በኋላ ሊኒየር አክስለሬተር የተባሉት ዘመናዊ መሣሪያዎች በጥቁር አንበሳና በጅማ ተተከሉ። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ በሴቶች ላይ የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ መሆናቸው በግልጽ ታየ።

የመጠኑ ልዩነት መታወቅ አለበት። ወንድ ዝንብን መካን ለማድረግ 100 ግሬይ ገደማ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ሰው መላ አካሉ ላይ 4 ወይም 5 ግሬይ ቢያርፍበትና ባይታከም የመሞት ዕድሉ እኩሌታ ይሆናል። የካንሰር ታካሚ ግን በየቀኑ 2 ግሬይ ያህል እየተከፋፈለ፣ ለሳምንታት፣ ዕጢው ባለበት ቦታ ላይ ብቻ 50 ወይም 60 ግሬይ ሊደርስለት ይችላል። ይህም ሆኖ የማሕፀን በር ካንሰር ሲታከም ጨረሩ በአጠገብ ያለውን አንጀት መንካቱ አይቀርም። ታካሚዋ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ይደርስባታል፤ አንዳንዴም ሕክምናው ለጊዜው ይቋረጣል። በሰው አካል ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚገኙት ደግሞ በዚሁ አንጀት ነው። በ2016 በወጣ ስሌት በአንድ ሰው አካል ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ የሰውየው የራሱ ሴሎች 30 ትሪሊዮን ያህል ናቸው።

እነዚህ ነዋሪዎች በጨረር ጉዳት ላይ ድርሻ እንዳላቸው በ2005 በአይጦች ላይ ታየ። ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦች፣ ሌሎቹን የሚገድል ጨረር ሲሰጣቸው አንጀታቸው በቀላሉ አልተጎዳም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባክቴሪያዎቹ ጎጂ ናቸው ተብሎ በታለፈ ነበር። በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ሥዕሉን ገለበጠው። ከፍተኛ ጨረር ከተሰጣቸው አይጦች ጥቂቶቹ ሳይሞቱ ቀሩ፤ በአንጀታቸው ውስጥም የተወሰኑ የባክቴሪያ ቤተሰቦች በዝተው ተገኙ። እነዚህን ባክቴሪያዎች ወደ ሌሎች አይጦች ሲያዛውሯቸው እነርሱም ተረፉ። ጨረር የወሰዱ የደም ካንሰር ታካሚዎች ሲመረመሩም፣ የሆድ ጉዳቱ የቀለለላቸው እነዚሁ ባክቴሪያዎች የበዙላቸው ሆነው ተገኙ። ጥያቄው ባክቴሪያ አለ ወይስ የለም ሳይሆን የትኛው ነው የሚለው ሆነ፤ ዝንብ አርቢዎች ከኖገ ሙከራ ጀምሮ የያዙት መልስም ይኸው ነው።

በመድኃኒት በኩል ያለው ታሪክ ቀደም ብሎ የጀመረ ነው፤ አጀማመሩም አሳዛኝ ነው። በ1993 በጃፓን ሶሪቩዲን የተባለ አዲስ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ገበያ ላይ ዋለ። ለካንሰራቸው የፍሎሮዩራሲል ቤተሰብ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ፣ በላዩም ሶሪቩዲን የታዘዘላቸው ከ10 በላይ ታካሚዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ሲጣራ የተገኘው ይህ ነው፦ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሶሪቩዲንን ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡታል፤ ያም ጉበት የካንሰር መድኃኒቱን እንዳያፈርሰው ያግደዋል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ታካሚዎቹን ገደለ። ኢሪኖቴካን በተባለው ሌላ መድኃኒትም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ጉበት አርክሶ ወደ አንጀት የሚጥለውን፣ የባክቴሪያ ኢንዛይም መልሶ ኃይለኛ ያደርገዋል፤ ታካሚውም በከባድ ተቅማጥ ይሠቃያል። በ2017 ደግሞ በቆሽት ካንሰር ዕጢ ውስጥ ራሱ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጄምሲታቢን የተባለውን መድኃኒት እያፈረሱ ከንቱ ሊያደርጉት እንደሚችሉ ታወቀ።

በሌላ ወገን ባክቴሪያዎች ሕክምናውን ሲረዱ የታዩት በ2013 ነው። በፈረንሳይና በአሜሪካ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ተከታትለው ወጡ። የፈረንሳዩ ሳይክሎፎስፋማይድን የሚመለከት ነበር። ይህ መድኃኒት በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ሕክምና ውስጥ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ የአንጀትን ሽፋን ሲያሳሳ የተወሰኑ ባክቴሪያዎች ሾልከው ይወጣሉ፤ ነጭ የደም ሴሎችም በእነርሱ ተቀስቅሰው በካንሰሩ ላይ ይዘምታሉ። አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው አይጦች ላይ መድኃኒቱ ደከመ። ዊግልስወርዝያ ያጣችው ዝንብ መከላከያዋ እንደላላ ሁሉ፣ አይጦቹም ነዋሪዎቻቸውን ሲያጡ የሚዋጋላቸው ሠራዊት ሳይሠለጥን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ትኩረቱ የሰውነትን መከላከያ ወደሚያነሣሣው የካንሰር ሕክምና ዞረ። በ2015 በአይጦች፣ በ2018 በሰዎች ላይ በወጡ ጥናቶች፣ መድኃኒቱ የሠራላቸው ታካሚዎች የአንጀት ባክቴሪያ ካልሠራላቸው ይለያል ተባለ። ሕክምናውን በጀመሩበት ሰሞን አንቲባዮቲክ የወሰዱት ደግሞ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ሆነ። በ2021 ከዚህ አልፎ፣ መድኃኒቱ የሠራላቸው ሰዎች ዓይነ ምድር ተጣርቶ ላልሠራላቸው የቆዳ ካንሰር ታካሚዎች ተሰጠ፤ በአንደኛው ጥናት ከ10ሩ 3ቱ፣ በሌላው ከ15ቱ 6ቱ ተጠቀሙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ምንም ተስፋ ካልቀረላቸው ሰዎች መካከል የተገኘ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ባክቴሪያን ማጥፋት ራሱ የካንሰር ሕክምና የሆነበት አንድ ግልጽ ምሳሌ አለ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች ኤች ፓይሎሪ ወይም የጨጓራ ባክቴሪያ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች ከተመረመሩት ሰዎች በግማሽ ገደማው ላይ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ በጨጓራ ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት ሊምፎማ (የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር) ያለባቸው 6 ታካሚዎች አንቲባዮቲክ ብቻ ተሰጥቷቸው የ5ቱ ዕጢ ጠፋ። ዛሬም ለዚህ ዓይነቱ ሊምፎማ መጀመሪያ የሚታዘዘው ይኸው ሕክምና ነው። አንቲባዮቲክ በአንድ ካንሰር ላይ መድኃኒት፣ በሌላው ላይ እንቅፋት ይሆናል ማለት ነው፤ በጅምላ ጥሩ ወይም መጥፎ ሊባል አይችልም።

ከእነዚህ ግኝቶች ለኢትዮጵያ ታካሚ ቅርብ የሆነው የትኛው ነው? የሰውነትን መከላከያ የሚያነሣሡት አዳዲስ መድኃኒቶች ዋጋቸው ከብዙኃኑ አቅም በላይ ነው፤ ስለእነርሱ የሚወጣው ዜና ቢያስደስትም አብዛኛውን ታካሚ ገና አይነካም። የጨረር ሕክምናና እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያሉት መድኃኒቶች ግን እዚሁ በየቀኑ ይሰጣሉ። የማሕፀን በር ካንሰር ታካሚ በጨረሩ ምክንያት የሚደርስባት የአንጀት ጉዳት ከየትኞቹ ባክቴሪያዎች ጋር እንደሚያያዝ በኢትዮጵያውያን ላይ መጠናት አለበት። በጤፍ እንጀራና በሽሮ ያደገ አንጀት ከፓሪስ ወይም ከቺካጎ ታካሚ አንጀት ጋር አንድ ነው ብሎ መነሣት አይገባም። ለዚህ የሚሆን ልምድ በአገር ውስጥ አለ፦ ሕያው አካል ላይ ጨረር ከማሳረፍ በፊት በውስጡ የሚኖረውን ማሰብ በቃሊቲ የሥራ ደንብ ሆኖ ኖሯል። የእንስሳት ጤና ባለሙያውና የካንሰር ሐኪሙ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚነጋገሩበት አያጡም።

ምርምሩ እስኪመጣ የማይጠብቅ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ሰው አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ቴትራሳይክሊን ያለ ሐኪም ማዘዣ ይገዛል፤ ለጉንፋንም ለሆድ ቁርጠትም ይውጣል። የካንሰር ሕክምና የጀመረ ወይም ተራ የሚጠብቅ ሰው ይህን ማድረግ የለበትም። ቀደም ሲል የወሰደ ከሆነም ምን እንደወሰደና መቼ እንደወሰደ ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ ያዘዘለትን አንቲባዮቲክ ግን በፍርሃት እንዳያቋርጥ፤ በሕክምናው ምክንያት ነጭ የደም ሴሎቹ የወረዱበት ታካሚ ትኩሳት ሲጀምረው በሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ ካላገኘ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።